ጣርማ በርን በሐዲድ

ብርዱ ዛሬ ለጉድ ነው። ደብረ ብርሃን ናትና ማን ይገረማል፤ ግን እንዲህ ሆድ ሲብሰኝ ትንንሽ የሞዴል ባቡር የሚሠሩት ጓደኞቼ ቤት ካልሄድኩ አይሆንልኝም። ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰዋል። ያቺ ሦስተኛዋ ፉርጎ ኩርባው ላይ ሐዲዷን ስታ በጎኗ ተጋድማለች።

«ጣርማ በር ላይ ጉም ይዟት ነው» አለ መምህሩ።

«የምን ጉም! አረቄ ቀምሳ ነው እንጂ።»

«ኧረ ተዉአት፣ ደገኛ ናት። ቆላ መውረድ ፈርታ ነው።»

የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ግን ካሊፐሩን አውጥቶ የመንኮራኩሮቹን መራራቅ ለካ። ደህና ነው። በእጁ መዘናት፤ ቀላል ናት። ከኋላዋ ከባድ ፉርጎዎች ሲከተሉ፣ ከፊት የሚስበው ሎኮሞቲቭ ኩርባው ላይ ወደ ውስጥ ይጎትታታል። ሆዷ ውስጥ ዳዶ በሙጫ ለጠፈላትና ዞረች። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ባቡርን ሐዲድ ላይ የሚያቆየው የመንኮራኩሩ ጠርዝ፣ ያ ከሐዲዱ በውስጥ በኩል ወደ ታች ወጣ ያለው ከንፈር፣ ብቻ ነው ሲባል ዝም ማለት አልችልም። እሱ የመጨረሻው መከላከያ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የመንኮራኩሩ ቅርጽ ነው፤ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ ዘንግ ስለተያያዙ እኩል ይዞራሉ። ኩርባ ላይ ዘንጉ ወደ ውጭ ሲገፋ የውጩ በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ ክፍል ይንከባለላል። የውጩ ረጅሙን መንገድ የሚሸፍነው በዚህ ነው። ማንም ሳይነካው ራሱን ያቀናል! ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ዳገት ላይ ግን ይህ ሁሉ አይረዳም። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። አይሱዙ እያቃሰተ የሚወጣውን ዳገት ባቡር አይሞክረውም፤ ከ100 ሜትር 2 ሜትር መውጣት እንኳ ለጭነት ባቡር ከባድ ነው። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ቆላውን የሚሄደው ወዶ አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ከ1,700 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። በዚያ ልክ ከተወጣ 85 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። በእኛ ሞዴል መጠን፣ በ1 ለ 87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሰን) እንሥራው ብንል፣ ከፍታው ብቻ 20 ሜትር ግድም፣ ሐዲዱ ደግሞ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለዚያ የሚበቃ ቤት እንኳን እኛ ሰፈር፣ ከተማውም ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ባቡር ጣርማ በርን የሚወጣበትን መንገድ ከመጣሁ ጀምሮ ወረቀት ላይ እየሣልኩት ነው። ጣልያን ለመኪና የበሳው ዋሻ አናቱ ላይ ነው፤ ለባቡር ከሥሩ ሌላ ረጅም ዋሻ ያስፈልጋል። ወይስ እንደ ጥምጥም ራሱን እየዞረ ይውጣ? ወይስ ጭራሽ ጣርማ በርን ትቶ በአንኮበር በኩል ይሞክር? እዚያም ገደል ነው። እናንተ ብትሆኑ በየት በኩል ታወጡት ነበር?