ያልተጨመቀ ኤቪአይ፣ በዲቪዲ፣ በ3 ኮፒ

«የመጨረሻው ቪዲዮ ባልተጨመቀ ኤቪአይ፣ በዲቪዲ፣ በ3 ኮፒ ይቀርባል።» ክፍያዬን ለወራት አስሮ የያዘው ይህ አንድ የውል መስመር ነው። ከመፈረሜ በፊት ጠይቄ ነበር። «እሱ የተለመደ ነው፣ አያስቸግርህም» ተባልኩ። ቪዲዮ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች «የተለመደ ነው» ስትባሉ ቆም እንድትሉ ነው ይህን የምጽፈው። እኔን ማንም አልነገረኝም።

ሥራው ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራሁት የ20 ደቂቃ የቱሪዝም ዶክመንተሪ ነው። ሐይቅን፣ የባቲን የሰኞ ገበያ፣ ግሸን ማርያምን ቀረጽን። ባቲ ሙቀቱ፣ ሐይቅ ነፋሱ፣ ግሸን አቀበቱ አለ። እሱ የሥራው ፀባይ ነው፣ አላማርርም። ኤዲቱንም ደሴ ላይ መብራት እየሄደ እየመጣ ጨረስኩት። ጣጣው የጀመረው «ኤክስፖርት» የምትለዋ ቁልፍ ጋ ስደርስ ነው።

ለጀማሪ አንድ ነገር ላስቀድም። ኤምፒፎር፣ ኤምኦቪ፣ ኤቪአይ የሚባሉት ጆንያ ናቸው። ውስጡ ጤፍ ይሁን ማሽላ ጆንያው አይነግራችሁም። እህሉ ኮዴክ የሚባለው፣ ማለትም ምስሉ የሚጨመቅበት ዘዴ ነው፦ ኤች.264፣ ኤች.265፣ ፕሮሬስ እና ሌሎችም። ስለዚህ አንድ ሰው «ኤቪአይ አምጣ» ሲላችሁ ስለ ጥራት ገና ምንም አልተናገረም። ኤቪአይን ማይክሮሶፍት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ ሰው ቪዲዮ የሚያየው በቪኤችኤስ ካሴት ነበር።

አሁን «ያልተጨመቀ» የምትለዋን እናስላት። አንድ ፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ አለው። ለአንዱ ነጥብ 2 ባይት ያዙለት። በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን በሰከንድ 104 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። በደቂቃ ከ6 ጊጋባይት ይበልጣል። 20 ደቂቃው 124 ጊጋባይት ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው ደግሞ 4.7 ጊጋባይት። ማለትም 45 ሰከንድ! ከሐይቅ እስጢፋኖስ በር ሳንገባ ዲቪዲው ያልቃል።

ይህን ሂሳብ በወረቀት ጽፌ ለተቀባይ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አንዱ ኮፒ ብቻ 27 ዲቪዲ ይፈልጋል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ታዲያ 27 አምጣ።»

«3 ኮፒ ስለሆነ 81 ይሆናል። ደግሞ ፊልሙ ተቆራርጦ ማን ያየዋል?»

«እኛ የምንቀበለው ሰነዱ የሚለውን ነው ወንድሜ። እኔ ከኪሴ አላወጣሁትም።»

እውነታቸውን ነው፣ ከኪሳቸው አላወጡትም። ከየት እንደመጣ ግን በዚያ ቢሮ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ወደ ግዥ ክፍል ይጠቁማል። ግዥ ክፍል «ቴክኒክ ክፍል የሰጠን ነው» ይላል። ቴክኒክ ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነው። መቼም ከቆየ ሰነድ የተገለበጠ ለመሆኑ እምላለሁ፣ ምክንያቱም እዚያው ገጽ ላይ ሥራው በካሴትም እንዲቀርብ የሚል ሐረግ ተሰርዞ ይታያል።

ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፣ በራሴ ብር። ያልተጨመቀውን ጭኜበት ለማስረከብ ሄድኩ። ንብረት ክፍል ያሉት ሴት ደግ ሰው ናቸው፣ ሻይ አስመጡልኝ። ግን አልተቀበሉኝም። «ውሉ ዲቪዲ ይላል። ሃርድ ዲስክ በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ባደርግ ኦዲተር ሲመጣ ማን ይመልስልኛል ልጄ?» አሉኝ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም ነበር። «አብሽር፣ ይስተካከላል» ብለው ሸኙኝ። አልተስተካከለም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ «እስኪ ኮሚቴው ይየው» ተባለ። ሃርድ ዲስኩ የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተሰካ። ፋይሉ በሰከንድ 104 ሜጋባይት ካልተነበበለት አይሄድም። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ከየት ያመጣል? ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ባቲ ገበያ ላይ አንዲት ግመል አንድ እግሯን አንስታ ቀረች። ተራኪው ስለ ግሸን ሲያወራ ግመሏ አሁንም እግሯን አላወረደችም። አንዱ የኮሚቴ አባል እስክሪብቶ አውጥተው «የምስል ጥራት ይጎድለዋል» ብለው ጻፉ። ጻፉ እኮ! እነሱ የጠየቁት ራሱ ነው እንዲህ ያንገዳገደው።

ኪሴ ውስጥ ፍላሽ ነበር። ያው ፊልም በኤምፒፎር፣ በኤች.264፣ በሰከንድ 25 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)። መጠኑ 3.75 ጊጋባይት። ግድግዳው ላይ ካለው ቴሌቪዥን ሰካሁት። ጥርት ብሎ ሄደ፣ ግመሏም ተራመደች። ሰብሳቢው ፊታቸው በራ። «ይሄኛው ነው እንጂ! ለምን ከመጀመሪያው ይሄን አላመጣህም?»

ምን ልመልስ? ዝም አልኩ። እስካሁን ያቃጥለኛል።

በዚህም አላለቀም። ወደዱት፣ ግን አልፈረሙም፤ ሰነዱ ኤቪአይ ይላላ። መፍትሔ ያመጣችው የሕግ ክፍሏ ልጅ ናት። ውሉ ላይ «ወይም ተመጣጣኝ ጥራት ያለው» የምትል ማሻሻያ በደብዳቤ እንዲጨመር አደረገች። ኤምፒፎሩ በአንድ ዲቪዲ ልክ ገባ፣ 3 ኮፒ ሆነ፣ ሞዴል 19 ተቆረጠ። ዲቪዲዎቹ መሳቢያ ገቡ። ፊልሙን አሁንም የሚያሳዩት ከፍላሹ ነው። የሃርድ ዲስኩን ዋጋ የመለሰልኝ የለም።

ስለዚህ ከመንግሥት ጋር ስትዋዋሉ የፋይሉን ዓይነት ራሳችሁ ጻፉት፦ «ኤምፒፎር፣ ኤች.264፣ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ምስል፣ በፍላሽ።» ሰነዱ ታትሟል፣ አይነካም ቢሏችሁ እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» የምትለዋን ሳያስገቡ አትፈርሙ። ለቴሌቪዥን ጣቢያ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ የሚጠይቁት ዓይነት ምክንያት አለው። ገበያ ክፍሉን ሳይሆን የቴክኒክ ሰዎቹን በቀጥታ ጠይቁ።

የራሴ አሠራር እንዲህ ነው። ሥራው ሲያልቅ አንድ ዋና ቅጂ በፕሮሬስ 422 አወጣለሁ። ለ20 ደቂቃ 18 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። እሱ ለኔ ነው፣ ለማንም አይሰጥም። ለደንበኛ የሚወጣው ሁሉ ከእሱ ነው፣ ኤምፒፎር ሆኖ። ምስሉ በሰከንድ 25 ነው፤ ሶፍትዌሩ 30 ብሎ ቢጠብቃችሁም አትስሙት። ቀረጻውም በ25 ይሁን፣ ሹተሩ (ካሜራው ለአንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በ1/50 ሰከንድ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ስትቀርጹ የአዳራሽ መብራት ብልጭ ድርግም ሊልባችሁ ይችላል። ዩቲዩብ ለፉል ኤችዲ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ይበቃል ብሎ ይመክራል። እኔ 20 እሰጠዋለሁ። እሱ ራሱ መልሶ ስለሚጨምቀው የተራበ ፋይል ስትሰጡት ይባስ ያከሳዋል።

ኤች.265 መጠን ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ለሠርግ ግን አትጠቀሙበት። ሐርቡ ወይም መርሳ ያለ ቤተሰብ ኤች.265 የማያነብ የቆየ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ድምፅ ብቻ ሲሰማ «ካሜራማኑ ሥራችንን አበላሸው» ነው የሚለው። ስለ ኮዴክ ታስረዱታላችሁ?

ሠርግ ላይ ሌላው ወጥመድ ፍላሹ ነው። ትንንሾቹ ፍላሾች በአብዛኛው ፋት32 በሚባል የፋይል አቀማመጥ ፎርማት ተደርገው ይመጣሉ። ፋት32 ደግሞ ፍላሹ ባዶ ቢሆንም 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። በ8 ሜጋቢት አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ነው፣ 3 ሰዓት ሠርግ አይገባም። «ኤክስፋት ወደሚባለው ሌላ ፎርማት ቀይረው» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። የቆዩ ቴሌቪዥኖች አያነቡትም። እኔ በየክፍሉ አወጣዋለሁ፦ ጥሎሽ፣ ኒካህ ወይም ተክሊል፣ ግብዣ፣ መልስ። እናቶችም ይወዱታል፣ የሚፈልጉትን ቶሎ ያገኛሉ።

በክፍል ማውጣት ለመብራትም ይረዳል። ኤምፒፎር ማውጫውን፣ ማጫወቻው ምስሉንና ድምፁን የሚያገኝበትን ዝርዝር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ደርሶ መብራት ከሄደ ያ ሁሉ ሰዓት አፈር በላ፤ ፋይሉ አይከፈትም። በክፍል ከሆነ የምትደግሙት የተቋረጠውን ብቻ ነው። ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ «ቪዲዮ» ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። ቪዲዮ ሆኖ ሲሄድ ይጨመቃል። ፕሪሚየም ከሌላችሁ ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ለእሱ የሚሆን አነስ ያለ ቅጂ ለብቻው አውጡ። ሪያድ ያለችው እህት የሙሽራዋ ፊት ደብዝዞ ካየች የምትደውለው ለቴሌግራም አይደለም፣ ለእናንተ ነው።