ውሃውን ጠጥቼ ያሳየሁት ቀን

ሐይቅ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። አንዲት እናት የ22 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጎረቤት መርዝ ያደርግብኛል እያለ ከተቀቀለ እንቁላልና ከሙዝ በቀር አይበላም። ልጣጭና ቅርፊት ያለው ነገር ውስጥ መርዝ አይገባማ! የእናቱን እንጀራ ከተወ ወር አልፎታል።

"በጡቴ ያሳደግሁትን እኔ ላመርዘው ልጄ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

እኔም ላስረዳው ተነሳሁ። ከጆጉ ውሃ ቀድቼ ፊቱ ጠጣሁ። "ይኸው፣ ምን ሆንኩ?"

አተኩሮ አየኝ። "አንተማ ማርከሻውን ቀድመህ ወስደሃል" ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ከመርዘኞቹ አንዱ ሆንኩ።

ከ2 ሳምንት በኋላ ብሶበት ተመለሰ። ዕድለኛ ነበርን፤ የዚያን ቀን ከደሴ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ልታግዘን መጥታ ነበር። ስለ መርዝ አላነሳችም። "ወንድሜ፣ እንቅልፍስ?" አለችው።

"4 ሌሊት አልተኛሁም። በር ስጠብቅ ነው የማድረው።" እጁ ይንቀጠቀጣል።

"መርዙን እኔ አላየሁም። እንዲህ ሆኖ ማደር ግን ያስፈራል፣ ያደክማልም። እንቅልፍህ እንዲመለስ እናግዝህ?"

ቀና ብሎ አያት። እሺ አለ።

በኋላ ለብቻችን ስንሆን ነገረችኝ። ዴሉዥን፣ ማለትም ከሕመም የሚመጣ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት፣ በማስረጃ አይናድም፤ ያመጣህለትን ማስረጃ ራሱን የሴራው አካል ያደርገዋል። የኔ ውሃ የሆነው ይኸው ነው። "አዎ፣ መርዝ አለ" ብሎ መስማማትም ፍርሃቱን ያጸናል። መርዙ ባይኖርም ፍርሃቱ ግን እውነት ነው፤ ልቡ የሚመታው በእርግጥ ሊገድሉት እንደመጡበት ሰው ነው። እኔ ስከራከር የነበረው ከመርዙ ጋር ነው። የልጁን ፍርሃት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በትንሽ መጠን ተጀመረለት። መድኃኒቱ አንገቱን ወይም መንጋጋውን ካደረቀው ቶሎ እንዲያመጡት ለእናቱ ነገርናቸው።

"ዱዓውንስ ልተወው?" አሉ እናቱ።

"አይተዉት እናቴ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጡ። አብሽሩ።"

እንቅልፉ ቀድሞ መጣ። እምነቱ ግን የላላው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ነው። በ3ኛው ወር መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ እናቱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ቤት ቡና አፍልተው፣ ሳይጎተጉቱት ስኒውን አጠገቡ እንዳስቀመጡለት ነገሩኝ። አቦሉን አልነካም። ቶናውንም። በረካው ላይ ግን እጁን ሰደደ።