ለውርጭ ዘብ ያቆምኳት ቦርድ

ዐምና ኅዳር አጋማሽ ላይ የአባቴ የመስኖ ድንች በአንድ ሌሊት አለቀ። ማታ ለምለም ሆኖ የተውነው ማሳ ጠዋት በአመዳይ ነጥቶ ጠበቀን። ፀሐይ ስታርፍበት ደግሞ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቁሮ ተኛ። ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ውስጥ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ እንግዳችን አይደለም። የሚያንገበግበው ጭድና ጆንያ አልብሰን ልናተርፈው ስንችል ተኝተን ማደራችን ነው።

እኔ ከተማ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ፤ ሶልደር ማድረግ አያቅተኝም። ፕሮግራም መጻፉን ግን ከዩቲዩብ ነው የለቃቀምኩት። ዘንድሮ ውርጭ ሲመጣ የሚጮኽ ነገር ልሥራ ብዬ ኢኤስፒ32-ሲ3 ሱፐር ሚኒ የሚባሉ፣ ፕሮግራም የሚጫንባቸው ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሁለቱም አንድ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዷ 22 ሚሊሜትር ተኩል በ18 ናት። ቺፗ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ሥራ ስትሆን 160 ሜጋኸርዝ ፍጥነት፣ 400 ኪሎባይት ራም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አላት። ቴርሞሜትር ለማንበብ ከበቂ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት በገመድ አለቀ። ኮምፒውተሩ ቦርዷን አላይም አለ። ሶፍትዌር አጠፋሁ፣ ጫንኩ፣ ቦርዷን ቀየርኩ። ለካ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ነው። ይህን ገመድ ለደንበኛ በቀን ሦስቴ የማስረዳ ሰው ነኝ።

ወላጆቼ ቤት ራውተር የለም፤ ደግነቱ አያስፈልግም። ኢኤስፒ-ናው በሚባለው ዘዴ ሁለቱ ቦርዶች ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ ይነጋገራሉ። በአንድ መልእክት እስከ 250 ባይት ይላካል፤ ለኔ የአንድ ቁጥር 4 ባይት ይበቃኛል። አንዷ ማሳው ላይ ሆና ሙቀቱን ትልካለች፣ ሌላዋ ቤት ውስጥ ተቀምጣ 2 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን ትጮኻለች። ተቀባይዋን መጀመሪያ ቆርቆሮው ሥር አንጠልጥያት ግማሹ መልእክት ጠፋ፤ መስኮቱ ላይ ሳስቀምጣት ተስተካከለ።

የጩኸቷ ነገርም አንድ ቀን በልቶብኛል። ጯሂዋን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራ ትራንዚስተር አድርጌ ፒን 9 በሚባለው የቦርዷ እግር ላይ ሰካኋት፤ ከዚያ በኋላ ቦርዷ ኤሌክትሪክ ባገኘች ቁጥር ዝም ብላ ትቀመጣለች። ፒን 9 የ«ቡት» ቁልፉ ፒን ነው፤ ቦርዷ ስትነሣ የፒኑ ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ከተጎተተ አዲስ ፕሮግራም ሊጫንብኝ ነው ብላ ትጠብቃለች። ወደ ፒን 4 ሳዛውረው ተገላገልኩ። ፒን 2ን፣ 8ንና 9ን ሌላ ፒን እስካለ ድረስ አትንኳቸው።

ማሳው ላይ ያለችው የምትሠራው ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ በፈታሁት አንድ ሴል ነው። በየ10 ደቂቃው ነቅታ ለክታ ልካ መልሳ ትተኛለች። ቺፗ ተኝታ የምትበላው ኢምንት ነው፤ ሌት ተቀን የሚበራው ቀይ መብራት ግን ባትሪውን ይጨርሳል፣ ስለዚህ ነቅዬ ጣልኩት። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሲሞላ ስለሚበላሽ ውጭ ቻርጅ አላደርገውም፤ ቤት አስገብቼ ነው። የተኛች ቦርድ በዩኤስቢ አትታይም፤ ፕሮግራም ለመቀየር «ቡት»ን ተጭኖ «ሪሴት»ን መንካት ነው።

ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው፤ ከ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር። ከብት እንዳይረግጠው ብዬ ከሰው ቁመት በላይ ግንድ ላይ አሰርኩት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ተቀባይዋ «ሌሊቱን ከ4 ዲግሪ አልወረደም» ትላለች፣ ቅጠሉ ላይ ግን አመዳይ ቁጭ ብሏል። ርካሽ ዕቃ ነው ብዬ ሴንሰሩን ሰደብኩት። ማታ ሳፋ ላይ ውኃ አሳድሬ ጠዋት የያዘውን በረዶ ሰብሬ ከውኃው ጋር በኩባያ አማሰልኩና ከተትኩት። ዜሮ ማለት ሲገባው 0.3 አለ። ፋብሪካው ራሱ የሚፈቅደው ስሕተት ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

አባቴ ዳር ቆሞ ያየኛል። «እሱን ሰማይ ላይ ሰቅለህ መሬቱን ምን ብሎ ይንገርህ? ውርጩ መጀመሪያ የሚተኛው ከወንዙ በኩል ካለችው ጎድጓዳ ነው።»

ሄጄ ሳነብ ልክ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲቆም መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ላይ ይለቃሉ፣ ከበላያቸው ካለው አየር በልጠው ይቀዘቅዛሉ። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይጠራቀማል። ሴንሰሩን ጎድጓዳዋ ውስጥ በቅጠሉ ቁመት ተከልኩት፤ ግንዱ ላይ ከ4 ያልወረደው ሴንሰር እዚያ 1 ዲግሪ አለ።

ከዚያ ደግሞ የሐሰት ጩኸት መጣ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤቱ ሁሉ ተነሣ፣ እናቴ ጆንያ ተሸክማ ወጣች፣ ውጭው ደመና ነው፣ ይሞቃል። ተቀባይዋ ላይ የተጻፈው ከዜሮ በታች 127 ዲግሪ! የላላ ሽቦ ነው፤ ሴንሰሩ ሲጠፋ ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሌላ ቀን ደግሞ 85 ዲግሪ አለኝ፤ ይህም ሴንሰሩ ገና ሳይለካ፣ 750 ሚሊሰከንዱ ሳይሞላ ቸኩሎ ሲነበብ የሚወጣው ነው። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች እጥላቸዋለሁ፤ ለመጮኽም ሁለት ተከታታይ ልክ እጠብቃለሁ።

«እኔው ወጥቼ ካላየሁ ጩኸቱን አላምንም» ያለችው እናቴ ግን እስከዛሬ ከቃሏ አልተመለሰችም። እውነቷን ነው።

ከሁሉ የከፋው ጩኸት ያልነበረበት ሌሊት ነው። ባትሪው አልቆ ማሳው ላይ ያለችው ጠፍታለች፤ እኛ ዝም ስላለች ሰላም ነው ብለን ተኛን። ጠዋት የጎድጓዳዋ ሁለት መደብ ድንች ተመቷል። ዝምታን ደኅና ነው ብሎ የሚተረጉም ፕሮግራም የጻፍኩት እኔው ነኝ። አሁን ለ30 ደቂቃ መልእክት ካልመጣ ቤት ያለችው በሌላ ዓይነት ድምፅ፣ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገች ትጮኻለች።

ታኅሣሥ ላይ በትክክል የጮኸችው ሌሊት 9 ሰዓት ነበር። በባትሪ መብራት ጭድ በተንን፣ ጆንያ አለበስን፤ ሲያንስብን አሮጌውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠየቅኳት፣ እናቴ ለድንች አልሰጥም አለች። የሸፈንነው ተረፈ። ያልደረስንበት ጫፍ ጠቆረ።

አባቴ አሁንም ከመተኛቱ በፊት ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ ተመልሶ ቦርዷን በጣቱ እየጠቆመ «ዛሬ ትጮኻለች» ይላል። እስካሁን ሦስቴ ተናግሮ ሁለቴ ይዞለታል።