ካሜራውን ያስጠፋኝ ጥበቃና የሱሉልታው አደይ

መስከረም ሊያልቅ ሲል ጎህ ሲቀድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ከፊት አደይ አበባ ጤዛ ከብዶት ጎብጦ፣ መሐሉን ጉም ሞልቶት፣ ከጉሙ በላይ የእንጦጦ ሸንተረር። ይህን ከአበባው እስከ ተራራው ጥርት አድርጌ በአንድ ፎቶ ለማስቀረት ዓመት ጠበቅሁ። ያጣሁት በአንዲት ማጥፊያ ቁልፍ ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ትራይፖዱን ተከልኩ።

በጨለማና በጉም አውቶፎከስን (ካሜራው ራሱ ጥራቱ የሚያርፍበትን ርቀት፣ ማለትም ፎከሱን፣ የሚመርጥበትን ዘዴ) ማመን ሞኝነት ነው። የሚይዘው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሲያጣ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲዋልል ይቆይና ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ በእጅ አደረግሁት። የእኔ ካሜራ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሰንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ነው፤ ሌንሱ ሰፊ በሚያሳየው 18 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ደግሞ ጠበብ በሚለው ኤፍ 11 ላይ ሆኖ ፎከሱ 1 ሜትር ተኩል ላይ ከተደረገ፣ ከ75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ ይወጣል። አበባዬ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። 1 ሜትር ተኩሉን ለክቼ ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ የእጅ ባትሪ አበራሁበት፣ ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉልቼ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት አስተካከልኩ። (ፎከሱን ከትዕይንቱ ሲሶው ላይ አድርጉ የሚሉትን አትስሟቸው፤ የአድማስ ሲሶው የት ነው? ከኤፍ 11 ይበልጥ የሚጠበውን ኤፍ 22ንም ተዉት፤ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሁሉንም እኩል ያደበዝዘዋል።)

ምሥራቁ መቅላት ሲጀምር አንድ ጥበቃ መጣ።

«ፈቃድ አለህ?»

«ወንድሜ፣ አበባ ነው የማነሣው።»

«መጀመሪያ ካሜራውን አጥፋ!»

አጠፋሁ። መታወቂያዬን ፊትና ጀርባውን እያገላበጠ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አደይ አበባን ለማንሣት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ብጠይቀው እሱም አያውቅም። በመጨረሻ «ቶሎ ጨርስ» ብሎኝ ሄደ። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ካሜራውን አበራሁና 63 ፎቶ አነሣሁ። በትንሿ ስክሪን ሁሉም ያምር ነበር፤ ትንሽ ስክሪን የማያሳምረው ፎቶ የለም።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ተራራው ቁልጭ ብሏል፣ አደዩ ግን ውኃ እንደነካው ቢጫ ቀለም ተድበስብሷል። ስልሳ ሦስቱም። መጀመሪያ ነፋሱን ረገምኩ፤ ያን ጠዋት ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም ነበር። ቀጥሎ ሌንሱን የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፦ እንደ እኔው ባሉ ብዙ አዳዲስ ሌንሶች ቀለበቱ ከውስጡ የሌንስ ብርጭቆ ጋር በቀጥታ አልተያያዘም፤ ትእዛዙን በኤሌክትሪክ ለሞተር ነው የሚያስተላልፈው። ካሜራው ሲጠፋ ያስተካከላችሁትን ቦታ ይረሳዋል። የእኔው ሲበራ ፎከሱን ወደ ሩቅ ወስዶት ነበር፤ ጥራቱ ከ1 ሜትር ተኩል ወዲያ ጀመረ፣ አበባዬ ከመስመሩ ውጭ ቀረ። አንዳንድ ካሜራ ቦታውን እንዲያስታውስ የሚታዘዝበት ምርጫ አለው፤ የእኔው የለውም። መመሪያው ባትሪ ለመቆጠብ በየመሐሉ አጥፉ ይላል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ ግዙ እላለሁ። ራሱን በራሱ የሚያጠፋበትንም ሰዓት ሰርዙት።

ጥበቃውን ለወራት አምቼዋለሁ። ግን ከ63ቱ አንዱን እንኳ አበባው ላይ አጉልቼ ባየው ኖሮ ወዲያው እደርስበት ነበር፤ እሱንስ ማን ከለከለኝ? ጥቅምት ላይ ስመለስ አደዩ ረግፎ ነበር።

በዓመቱ እዚያው ቦታ ያው ሰው መጣ። «ዘንድሮም መጣህ?» አለኝ። ካሜራው እንደበራ ጋቢዬን ጣል አደረግሁበትና መታወቂያዬን ሳይጠይቀኝ ሰጠሁት።