«ተመሳሳይ» ያልኩበት ቀን

ሜሪላንድ ውስጥ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ እስካሁን ግን ከውስጤ አልወጣም። ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ወንድምየው ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት 3 ቀን እጥበት ይሄዳል። ሁለት እህቶቹ ኩላሊት ሊሰጡት ተመርምረዋል። ውጤቱን አብረው ለመስማት ሦስቱም ፈቅደው ተሰብስበናል።

ሐኪሟ ገና ስትገባ ወንድምየውንና ታላቅ እህቱን አየቻቸውና «ዩ ቱ ሉክ አላይክ» አለች። እውነቷን ነው። ግንባራቸው፣ ዓይናቸው፣ ሳቃቸው ሳይቀር አንድ ነው። ታላቅየዋ ቁርጥ ወንድማቸውን። «ትመሳሰላላችሁ ነው የምትለው» አልኳቸው። «መንታ ነው የሚሉን!» አሉ ታላቅየዋ፣ ደስ ብሏቸው።

ታናሿ በመልክ ከሁለቱም ጋር አትገናኝም። ጥግ ይዛ ዝም ብላለች።

ከዚያ ወደ ኤችኤልኤው ውጤት ተገባ፤ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት፣ በዘር የሚወረስ ምልክት ነው። ሐኪሟ የታናሿን «አይደንቲካል» አለችው። የታላቅየዋን «ሲሚላር»። ፈጥና ነው የምትናገረው፤ እኔም ፈጠንኩ። «የታናሽዎ ተመሳሳይ ነው፤ የእርስዎም ተመሳሳይ ነው» አልኩ። ሐኪሟ ቀጥላ «ስለዚህ በታናሿ እንገፋበታለን» አለች። ይቺን በትክክል ተረጎምኳት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ታላቅየዋ ሐኪሟን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሁለታችንም ተመሳሳይ ከሆንን እኔን ለምን ተዉኝ?»

አፌን ሳልከፍት ቀጠሉ። «የኔ ምን ጎደለው? ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እሷ ገና አልወለደችም። እሷን ለቢላ ሰጥቼ እኔ ቁጭ ልበል?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሐኪሟ ትርጉሙን ትጠብቃለች። ጥያቄው ግን የመጣው በእኔ ቃል ነው። ሐኪሟ ከተናገረችው ውስጥ እሳቸውን የሚያስከፋ ነገር አልነበረም።

በእኛ ሥራ የተሳሳተ ወዲያው ያርማል። ስለ ራሱም የሚናገረው እንደ ሦስተኛ ሰው ነው። «አስተርጓሚዋ ስህተቷን ማረም ትፈልጋለች» አልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሟን በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት እንድታስረዳልን ለመንኳት።

ወረቀት አወጣች። ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የዘር ጥቅል ይወርሳል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሁለቱም ጥቅል የሚገጥምላቸው ዕድል 25 በመቶ ነው። አንዱ ብቻ የሚገጥምበት 50 በመቶ፣ ምንም የማይገጥምበት 25 በመቶ። መልክ ከዚህ ውስጥ አይገባም።

«የታናሽዎ ከወንድምዎ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የእርስዎ ግማሹ ይገጥማል» አልኩ በዝግታ።

ሐኪሟ ሦስተኛ ቃል ጨመረች፤ «ኮምፓቲብል»። «ተስማሚ ነዎት» አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ነበር፤ በሁሉም አንድ ዓይነት በሆኑ መንትዮች። ያኔ ሰውነት የሌላውን አካል እንዳይገፋ የሚያደርግ ውጤታማ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ መድኃኒቱ ስላለ በግማሽ የሚገጥምም ይሰጣል፤ ሥጋ ዘመድ ያልሆነ ባልና ሚስት እንኳ ይሰጣጣሉ። ስለዚህ ታናሿ በሌላ ምርመራ ብትቀር ተራው የእሳቸው ነው። ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ሲላላ አየሁ።

በኋላ ነገሩን ለአንድ የሥራ አለቃዬ ነገርኩት። «ቃል አትሰንጥቂ፤ አማርኛ እነዚህን የሚለይበት ቃል የለውም» አለኝ። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ እሰጠዋለሁ። አንድ ዓይነት፣ ተቀራራቢ፣ ተዛማጅ፣ ተስማሚ፣ አቻ፣ አምሳያ፣ ቁርጥ። ሁሉም በእናቴ ቤት የሰማኋቸው ቃላት ናቸው። ቃሉ ነበረ። ለማንሳት ሦስት ሰከንድ ያልታገስኩት እኔ ነኝ። የቸኮለ አስተርጓሚ ሁሉንም «ተመሳሳይ» ውስጥ ይጨምረዋል፤ ከዚያ ያሳደገች እህት ወንድሟ ፊት የተጣለች ይመስላታል።

ታናሿ ያለችውን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልንነሳ ስንል የታላቅ እህቷን እጅ ያዘች።

«እትዬ፣ አንቺ አሳድገሽዋል። ይቺኛዋ ደግሞ ለኔ ትሁን።»

ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ቃሎቹን አንድ በአንድ መዝኜ ነገርኳት።