ፀሐይ ያጣራችው ውኃ

ዛሬ ባቱ በሚገኘው ግቢያችን በፀሐይ ሙቀት ውኃ የሚያጣራ ቀላል መሣሪያ ሠርተን ሥራ አስጀመርነው። ጥልቀት የሌለውን የእንጨት ሣጥን ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀብተን የጉድጓድ ውኃ ከጨመርንበት በኋላ፣ በላዩ መስታወት አዘንብለን ከደንነው፤ እንፋሎት እንዳያመልጥም ጠርዙን በሲሊኮን አሸግነው። ረፋዱ ላይ የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላብ አወጣ፤ ጠብታዎቹም እየተያያዙ ቁልቁል ተንሸራተው ወደ አሸንዳው፣ ከዚያም በቱቦ ወደ ጠርሙሱ ወረዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ (በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝ ማዕድን) ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ፤ የልጆቻችን ጥርስ የሚበልዘውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ውኃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲያንስ ክምችቱ ይጨምራል። በዚህ መሣሪያ ግን የምንጠጣው የተነነውን ስለሆነ ፍሎራይዱም ጨዉም ከሣጥኑ ሥር ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሣጥኑን አዘውትሮ ማጠብ ግድ ነው።

የሚያሳስበኝ የምርቱ ማነስ ነው፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ፀሐይ በበረታበት ቀን እንኳ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 5 ሊትር ያህል ቢሰጥ ነው። በመሆኑም የሚገኘውን ሁሉ ለሕፃናቱ መጠጥ ለማዋል ወስነናል፤ በፍሎራይድ ጥርሳቸው የሚጎዳው ቋሚ ጥርሳቸው ከድዳቸው ሥር ገና በመሠራት ላይ ያለ ልጆች ናቸውና።