አንገቷ ወደ ግራ የዘመመው ድመቴ

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ መውደቋ ሳይሆን ዓይኗ ነው። እጄ ላይ ይዣት ሳያት ሁለቱም ዓይኖቿ ቀስ ብለው ወደ አንድ ጎን ይሄዱና ፈንጠር ብለው ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። የአምስት ሳምንት ገደማ ናት፣ 380 ግራም። ጭንቅላቷ ወደ ግራ ዘሟል፤ ልትራመድ ስትነሳ ወደዚያው ትዞርና ትገለበጣለች።

እኔ ግን ርቧት የደከመች መስሎኝ ወተት ይዤ መጣሁ። መዳፎቿ በረዶ ሆነዋል። የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ ምግብ አይፈጭም፣ መጀመሪያ መሞቅ አለበት፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ደግነቱ አፏን አልከፍትም አለችኝ። ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በፎጣ ጠቀለልኩና አጠገቧ አደረግሁላት። ከበዛባት ራሷ መሸሽ ስለማትችል እየደጋገምኩ በእጄ እዳስሳት ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ገና ሳያዩዋት «ከተወለደች ጀምሮ ነው ወይስ ድንገት?» አሉኝ። እናቲቱ እርጉዝ ሳለች ፓንሉኮፔኒያ በሚባለው የድመት ቫይረስ ከተያዘች፣ ሚዛን የሚጠብቀው የልጆቿ የአንጎል ክፍል ሳያድግ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ግልገል መራመድ ሲጀምር አንስቶ ይንገዳገዳል፤ መድኃኒት ባይኖረውም አይባባስም። የኔዋ ግን ከጀመራት ሁለት ቀኗ ነው፣ የምትወድቀውም በአንድ በኩል። ግራ ጆሮዋ ውስጥ መግል ተገኘ፤ ኢንፌክሽኑ ሚዛን እስከሚጠብቀው የውስጥ ጆሮዋ ድረስ ዘልቋል።

ቤት የነበረኝን የጆሮ ጠብታ ላደርግላት አስቤ እንደነበር ስነግራቸው ተቆጡኝ። የጆሮ ታምቡሯ ተቀዶ ከሆነ አንዳንዱ ጠብታ ጭራሽ መስማቷንም ሚዛኗንም ይጎዳል። በክብደቷ ልክ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አዘዙ፣ ለአራት ሳምንት። በአስረኛው ቀን ሲሻላት ላቋርጥ እጄን በልቶኝ ነበር፤ አላቋረጥኩም።

ከሁሉ የከበደኝ ማብላቱ ነው። የሚያዞረው ሰው እንደሚያቅለሸልሸው እሷንም ያቅለሸልሻታል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ በየሦስት ሰዓቱ። የላም ወተት ያስቀምጣታል፤ ለድመት ግልገል የተዘጋጀውን ዱቄት ወተት በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከአፏ ጎን ጠብ ጠብ እያደረግሁ፣ በሆዷ አስተኝቼ ሰጠኋት። በጀርባዋ ብትሆን ወተቱ ሳንባዋ ይገባል። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ገባኝ፦ ግራ ጎኗ የሚደገፍበት ሲያገኝ መንቀጥቀጧን ትታ መዋጥ ትጀምራለች። ፎጣ ጠቅልዬ በግራዋ አስደገፍኳት፤ ሲሪንጁን ራሷ መሳብ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት እመዝናት ነበር፦ 380፣ 378፣ 384፣ በአራተኛው ቀን 396። ያን ቀን እኔም ቁርሴን በላሁ።

የሚያንሸራትተውን ወለል ምንጣፍ አለበስኩት፤ የአሸዋ ሳጥኗንም በዝቅተኛ ትሪ ቀየርኩት። ሳነሳት ደግሞ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ነው፤ ድንገት ብድግ ካደረግኋት አየር ላይ ትንከባለላለች።

ዓይኖቿ በመጀመሪያው ሳምንት ረጉ። የአንገቷ መዝመም ግን ትንሽ ቀርቷል፤ ሐኪሙም አስቀድመው ነግረውኛል። ዛሬም ዝንብ ስታባርር ስታ ትወድቃለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ትልሳለች፣ አውቃ የወደቀች ይመስል።